በስንዴ ማሳ ዳር ለሚገኝ የድንጋይ ክምር ስለተሰጠው የቁፋሮ ፈቃድ

ይድረስ ለክቡር አቶ ይበልጣል አሰግድ፣
የቁፋሮ ፈቃድ ክፍል ኃላፊ፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤንነት፣ ለቤተሰብዎ ጤንነት፣ እንዲሁም ከቤተሰብዎ ይልቅ አብሮዎት ለሚውለው ወንበርዎ ጤንነት ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ። እኔ በበኩሌ የጭላሎ ብርድ እንደ ልማዱ ጉልበቴን ቢይዘኝም፣ እርስዎን ደጅ ስጠና የቢሮዎን ደረጃ ብዙ ጊዜ ስለወጣሁና ስለወረድኩ ልቤ ጠንክሯል ብለውኛል ሐኪሞች። ለዚህም ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ስሜን በማመልከቻዎቼ ላይ ደጋግመው ስላዩት ይረሱታል ብዬ አላስብም፤ ነገር ግን ይህን ደብዳቤ ከእርስዎ ሌላ የሚያነበው ሕዝብ ስላለ ራሴን ላስተዋውቅ። ተናኘወርቅ እባላለሁ። ከደብረ ብርሃን ተመድቤ አሰላ የመጣሁ፣ ለጥቂት ጊዜ ነው ብዬ ሻንጣዬን ሳልፈታ እዚሁ የቀረሁ የታሪክ መምህርት ነኝ። በክረምት መርሐ ግብር እየተመላለስኩ በአርኪዮሎጂ ሁለተኛ ዲግሪዬን ይዣለሁ። ይህ ደብዳቤ ለምን ተጻፈ ብለው ሰዎች ሲጠይቁዎት ቅናት ነው ብለው እንደሚመልሱ ስለማውቅ፣ ድካምዎን ለመቀነስ እኔው ራሴ ከወዲሁ ላምንልዎ። አዎ፣ ቅናት ነው። ቀንቻለሁ። ከቅናቴ የተነሣ እህል አልዋጥ ብሎኝ የሰነበትኩበት ወቅት አለ። ቢሆንም ቅናተኛ ሰው ማየት አይሳነውም፤ እንዲያውም አብዝቶ ያያል፤ ያየሁትንም በቅደም ተከተል እነግርዎታለሁ።

ነገሩ የተጀመረው ለቅሶ ቤት ነው። ከእኔ ጋር የምታስተምረው የአፋን ኦሮሞ መምህርት ኢፍቱ አክስቷ ሞተውባት፣ ከሁሩታ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ወደሚገኘው የአባቷ የኦቦ ሁሴኖ ቀዬ ላስተዛዝን ሄጄ ነበር። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ሲቀመጥ እኔ፣ ሙያዬ ነውና ይቅር ይበሉኝ፣ ዓይኔ ከድንኳኑ ወጥቶ ሄደ። በዚያ ቦታ ሁለት ዓይነት ድንጋይ አለ። አንደኛው በመኪና መንገዱ ጎን፣ በስንዴው ማሳ ዳር የተቆለለ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ትልቅ ክምር ነው። ሁለተኛው ከፍ ብሎ በግጦሹ ላይ የሚገኝ፣ ከሣሩ እምብዛም ቀና የማይል፣ ጠፍጣፋ ድንጋዮች በጠርዛቸው ተተክለው የሠሩት ክብ ሲሆን፣ በመካከሉ ሁለት ቀጫጭን ድንጋዮች ጎን ለጎን ቆመዋል። ከዚህ በኋላ አንደኛውን ክምሩ፣ ሁለተኛውን ክቡ እላቸዋለሁ። እባክዎ ክቡር ሆይ፣ እንዳይምታቱብዎ፤ የተምታቱበት ሰው አለና።

ስለ ክምሩ ሳልጠይቅ ነገሩኝ። ኮምባይነር ወደ አካባቢው ከገባ ወዲህ ድንጋይ የመኪናውን ጥርስ ስለሚሰብር፣ ባለማሽኑም ድንጋይ ያለበት ማሳ አልገባም ስለሚል፣ እያንዳንዱ ገበሬ ከመዝራቱ በፊት ማሳውን ይለቅማል፤ የለቀመውንም ዳር ላይ ይጥላል። ክምሩ እንዲህ የተፈጠረ ነው፤ ግማሹን ኢፍቱ ራሷ በተማሪነቷ ለቅማዋለች። ስለ ክቡ ግን ኦቦ ሁሴኖ ወዲያው አልተናገሩም። በሌላ ቀን ተመልሼ ስጠይቃቸው ነው፣ የቀደሙ ሰዎች እንዳሉበት፣ አባታቸውም አያታቸውም እንዳላረሱት፣ ከብትም እንዳላሳደሩበት፣ ለአጥር እንኳ አንድ ድንጋይ ከዚያ እንደማይነሣ፣ ማን እንደሆኑ ግን የሚያውቅ እንደሌለ የነገሩኝ። ማን እንደሆኑ የሚያውቅ የለም ሲሉኝ እንዴት እንደሆንኩ ልነግርዎ አልችልም። ዕድሜ ልኬን የሌላ ሰው ቁፋሮ ውጤት ለተማሪ ሳነብ ኖሬያለሁ፤ ይህን አንዱን እኔ ልወቀው አልኩ። የምፈልገው ይኸው ነበር፤ ሌላ አልነበረም።

፩ኛ ጉዳዬ እንግዲህ ስለ ማመልከቻው ነው። የቁፋሮ ፈቃድ ለግለሰብ እንደማይሰጥና ተቋም እንደሚያስፈልግ በትሕትና ስለገለጹልኝ ተቋም ፍለጋ ወጣሁ። ተቋሙ ፈቃድ ለሌለው ሥራ የድጋፍ ደብዳቤ አልጽፍም አለኝ። ወረዳው ዞኑ ይቅደም አለ፤ ዞኑ ወረዳው ሳይል እኛ ምን ብለን አለ፤ ከዚያ በላይ ያለው ደግሞ ሁለቱ ተስማምተው ይምጡ አለ። እግሬ እስኪቀጥን ላይ ታች አልኩ። ፎቶ ኮፒ ቤት ያላት ጎረቤቴ ፈይሩዛ ማመልከቻዬን ከማባዛቷ ብዛት ይዘቱን በቃሏ ይዛው፣ አንድ ቀን መታወቂያ ሊያባዛ ለመጣ የባጃጅ ሹፌር ስለ ክቡ አቀማመጥ ከእኔ በተሻለ ስታስረዳው ደርሻለሁ። ሹፌሩም ገርሞት፣ ታዲያ ለምን አይፈቅዱላትም አላት። ፈይሩዛ ምን ብላ እንደመለሰችለት ግን ለክቡርነትዎ ጆሮ የሚመጥን ስላልሆነ ልዝለለው።

በመጨረሻ አንድ ተቋም ራርቶልኝ ሲጽፍልኝ፣ እርስዎ ደግሞ የሚገኘው ቅርስ የት ይቀመጣል ብለው ጠየቁኝ። ርዕሰ መምህራችን አቶ ኖህ፣ እግዜር ይስጣቸው፣ የስፖርት ዕቃ ማስቀመጫውን ክፍል ለቀቁልኝ። ከቢሮዎ የመጣው መልስ ቅርስና ኳስ በአንድ ክፍል መቀመጣቸው ለቅርሱ ደኅንነት አሥጊ መሆኑን የሚያስገነዝብ ነበር። ኳሶቹን አወጣን። ቀጥሎ የመጣው ደብዳቤ ኳሶቹ ወዴት እንደተዘዋወሩ ማስረጃ እንዲቀርብ ይጠይቅ ነበር። ኳሶቹ እኮ ክቡር ሆይ፣ የአካል ማጎልመሻ መምህራችን መኝታ ቤት ናቸው፤ ሰውየው አልጋው ላይ የሚያርፈው በኳስ መሐል ተጠጋግቶ ነው። ስለ ሀገር ቅርስ ሲል ይህን መሥዋዕትነት ለከፈለው ባልደረባዬ ክፍልዎ የምስጋና ወረቀት እንኳ አልጻፈለትም።

፪ኛ. ማመልከቻዬ እንዲህ ተሟልቶ እጅዎ ሲገባ፣ እርስዎ እንደ ጠንቃቃ ኃላፊነትዎ ለሙያዊ አስተያየት ወደ ሌላ ባለሙያ መሩት። ባለሙያውም ዮፍታሔ ሆነ።

ዮፍታሔን አውቀዋለሁ። አብረን ተምረናል፤ በመስክ ልምምዳችን ላይ ጎን ለጎን ተንበርክከን በግንበኛ ማንኪያ አፈር ጠርገናል። እሱ ጉልበቱን አመመኝ እያለ ከጥላ ወደ ጥላ ሲዘዋወር የእሱንም ጉድጓድ የጠረግኩት እኔ ነበርኩ። ዛሬ እሱ አዲስ አበባ ትልቅ ቦታ ይሠራል፤ እኔ አሰላ የዘጠነኛ ክፍል ፈተና አርማለሁ። ይህን ስጽፍ ጥርሴን ነክሼ እንደሆነ እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ። ዮፍታሔ በማመልከቻዬ ላይ የሰጠው አስተያየት፣ ቦታው ይህን ያህል ተስፋ የሚሰጥ አይደለም የሚል ነበር፤ እርስዎም ይህንኑ ጠቅሰው ማመልከቻዬን በይደር አቆዩት። ብዙም ሳይቆይ ተስፋ ለማይሰጠው ለዚያው ኮረብታ፣ በዚያው ቀበሌ፣ ለዮፍታሔ ፈቃድ ተሰጠ። ለእኔ እስካሁን ያልተጠናቀቀው ለእሱ የተጠናቀቀበት ፍጥነት፣ ክፍልዎ ሲፈልግ ምን ያህል ቀልጣፋ እንደሆነ ያሳየ ስለነበር እንደ ዜጋ ኮርቼበታለሁ።

ከዚያ መጣ። ጥር ላይ ስንዴው ታጭዶ ሜዳው ሲራቆት፣ ነጭ መኪናውን እያስጓራ፣ ድንኳን ይዞ፣ ወንፊት ይዞ፣ ብሩሽ በየዓይነቱ ይዞ፣ ጠርዙ ሰፊ የሆነ ባርኔጣ አድርጎ መጣ። ፈቃዱን ላሚኔት አስደርጎ በድንኳኑ ምሰሶ ላይ ሰቅሎታል። ሄጄ አየሁት። ዓይኔን በጨው አጥቤ ነው የሄድኩት። ያ ክብ ማኅተም፣ የእርስዎ ፊርማ፣ ቁጥሩ፣ ቀኑ፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዞ ተቀምጧል። ቆሜ ደግሜ አነበብኩት። ሰው በሰው ሀብት ይቀናል፣ በሰው ትዳር ይቀናል፤ እኔ በላሚኔት ቀናሁ።

፫ኛ. በሕጉ መሠረት ለእያንዳንዱ ቁፋሮ ተቆጣጣሪ ባለሙያ መመደብ አለበት። ከአካባቢው በሙያው የሠለጠነ ሰው ሲፈለግ እኔ ብቻ ተገኘሁ፤ እርስዎም ከትምህርት ቤቴ በደብዳቤ አስፈቅደው የዮፍታሔ ቁፋሮ ተቆጣጣሪ አደረጉኝ፤ ስሜም በፈቃዱ ላይ ከእሱ ስም በታች ሰፈረ። ክቡር ሆይ፣ አንዲትን ሴት በቀናችበት ሰው ሠርግ ላይ ሚዜ አድርጎ መሾም ምን እንደሚመስል አስበውት ያውቃሉ? ያሰቡት አይመስለኝም። ቢሆንም ሹመት ነውና ተቀበልኩ። ከአሰላ ሁሩታ በሚኒባስ፣ ከሁሩታ ኮረብታው ሥር በፈረስ ጋሪ፣ ከዚያ በእግሬ እየወጣሁ ሌላው ሲቆፍር ስመለከት እውል ጀመር።

በመጀመሪያው ቀን ዮፍታሔ ካስማዎቹን ተክሎ ክሩን የወጠረው የት እንደሆነ ያውቃሉ? በክምሩ ዙሪያ ነው። በመኪናው መንገድ ጎን ባለው፣ ኢፍቱ በለቀመችው፣ በኮምባይነር ድንጋይ ክምር ዙሪያ።

ነገርኩት። በመድኃኔዓለም፣ ቅናቴን ዋጥ አድርጌ በወጉ ነገርኩት። ክቡንም ወስጄ አሳየሁት። እሱም ባርኔጣውን ቀና አድርጎ፣ ትልቅ ሕዝብ ትንሽ ነገር እንደማይሠራ፣ ክቡ የፈረሰ የጥጃ በረት እንደሚመስል፣ ከሳተላይት ጎልቶ የሚታየው ክምሩ እንደሆነ፣ መኪናም የሚደርሰው እዚያ ድረስ እንደሆነ አስረዳኝ። ቀጥሎም ትከሻዬን ቸብ ቸብ አድርጎ፣ ተናኜ ስሜትሽ ይገባኛል፣ እኔም ባንቺ ቦታ ብሆን እቀና ነበር አለኝ። እኔ መቅናቴን መካድ አልቻልኩም፤ መቅናቴን ካልካድኩ ደግሞ እውነት መናገሬን ማንም አያምነኝም። ይህ ነው ነገሩ ክቡር ሆይ። የቀና ሰው አፉ ይታሰራል።

ለእርስዎም ጻፍኩ። የተከበረው መልስዎ እስካሁን ከእኔ ጋር አለ፤ የተቆጣጣሪ ኃላፊነት ቁፋሮው በተፈቀደበት ቦታ መከናወኑን ማረጋገጥ እንጂ በተፈቀደበት ቦታ ውስጥ የሚገኝ ነገር መኖር አለመኖሩን መመርመር አይደለም ይላል። ከዚያ በኋላ ኃላፊነቴን በሚገባ ተወጥቻለሁ። ቁፋሮው በተፈቀደበት ቦታ፣ ምንም በሌለበት፣ በደንቡ መሠረት ተከናውኗል።

የአካባቢው ሰው ነገሩን የተረዳው በራሱ መንገድ ነው። መንግሥት አዝኖላቸው የለቀሙትን ድንጋይ ከማሳው ዳር ሊያነሣላቸው ሰው የላከ መሰላቸው። እንዲህ ያለ ቸርነት አይተው ስለማያውቁ እርጎ ይዘው መጡ። የኦቦ ሁሴኖ ጎረቤት ሊበን ደግሞ ድንኳኑ ድረስ መጥቶ፣ እዚህ ስትጨርሱ የእኔ ክምር ይበልጣል፣ ለእኔም አንሡልኝ ብሎ በትሕትና ለመነ። ዮፍታሔ ሌላ ጥንታዊ ክምር ተገኘ ብሎ ልቡ ጮቤ ረገጠ፤ በዚያው ምሽት ለሊበን ክምርም ተጨማሪ ፈቃድ ጠየቀ። ፈቃዱም ሳይውል ሳያድር መጣ። እኔን፣ ኳስ ከክፍል ለማስወጣት ወራት የፈጀብኝን ሴትዮ፣ ይህ ምን እንደሚያደርገኝ ለእርስዎ አርቆ አሳቢነት እተወዋለሁ።

ክምሩ እየጠለቀ ሲሄድ አንድ ነገር ተገኘ። ብረት ነው፤ ሦስት ማዕዘን፣ ጠርዙ የተሳለ። የኮምባይነር የማጨጃ ጥርስ ነው፤ ጀርባው ላይ የፋብሪካ ቁጥር አለበት። ዮፍታሔ በዕለቱ ቅጽ ላይ የጦር ጫፍ ሊሆን የሚችል የብረት መሣሪያ ብሎ መዘገበው። እኔ ስፈርም አስተያየት በሚለው ቦታ ላይ የኮምባይነር ጥርስ ነው ብዬ ጻፍኩ። ቅጹ ከቢሮዎ ተመልሶ መጣልኝ፤ አስተያየት የሚለው ቦታ ለቅርስ መግለጫ ስላልተዘጋጀ ስርዝ ድልዝ የሌለበት ቅጽ እንዲላክ የሚል ትእዛዝ ነበረበት። ከዚያ በኋላ ዮፍታሔ ጓንት አጥልቆ ያችን የኮምባይነር ጥርስ በሁለት ጣቱ ይዞ የሚታይበት ፎቶ በክፍልዎ ገጽ ላይ ወጣ፤ ሰውም በሞላ እንኳን ደስ አለህ አለው።

አሁን ደግሞ የሚያሳፍረኝን ልንገርዎ። በዚያም ቀናሁ። ጥርስ እንደሆነች እያወቅኩ፣ ክምሩ ከንቱ እንደሆነ እያወቅኩ፣ ጥፍሩ ውስጥ አፈር ስላለ ብቻ ቀናሁበት። እኔ ጃንጥላ ሥር በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጬ ንጹሕ እጅ ይዤ ወደ ቤቴ እመለስ ነበር። በውሸት ቦታም ቢሆን እሱ እየቆፈረ ነበር፤ እኔ ደግሞ በእውነተኛው ቦታ አጠገብ ቁጭ ብዬ እፈርም ነበር።

፬ኛው ጉዳዬ ስለ ውሎ አበል ነበር፤ ጽፌ ሳነበው ጨዋነት የጎደለው ሆኖ ስላገኘሁት አውጥቼዋለሁ። ቁጥሩ ግን ቦታውን ይዞ ይቆይልኝ።

፭ኛው ለምን እንደምጽፍልዎ የሚያስረዳው ነው።

የተቆፈረ ነገር መጣያ ይፈልጋል። ክምሩን እስከ ሥሩ አፍርሰው ከሥሩም ጉድጓድ ሲያወርዱ ድንጋዩና አፈሩ በዛ፤ በገበሬ ማሳ ላይ እንዳይጥሉት ካሳ ያስጠይቃል። ዮፍታሔ ያልታረሰ መሬት ፈለገ። በዚያ ኮረብታ ላይ ያልታረሰ መሬት ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ለምን እንዳልታረሰ ደግሞ ከላይ ነግሬዎታለሁ። እኔ የሴሚስተር ፈተና ስለነበረ ወደ ትምህርት ቤት ተመልሼ ነበር። ፈተናው አልቆ ስመለስ ክቡ የለም። ያለው አዲስ ክምር ነው። የኮምባይነሩን ድንጋይ በሙሉ፣ አፈሩንም ጭምር፣ በትራክተር ተጎታች አምጥተው በክቡ ላይ ገልብጠውታል።

እዚያው ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። ዮፍታሔ ገና ከሩቅ ሲያየኝ የመጣያው ቦታ ምቹ እንደሆነለት እየነገረኝ መጣ። ትቼው ወደ ኦቦ ሁሴኖ ሄድኩና ለምን ዝም አሉ ብዬ፣ ነውር እንደሆነ እያወቅኩ፣ በቁጣ ጠየቅኳቸው። እሳቸው አልተቆጡም። አይሆንም ብያቸው ነበር አሉኝ። መንገድ ላይ ቆሜ ነበር፤ ወረቀቱን አምጥተው አሳዩኝ፤ እኔ ማኅተም አላውቅም፣ ኢፍቱ ግን አነበበችልኝ፣ ያንቺ ስም አለበት፤ አንቺ ካለሽበት እኔ ምን አውቃለሁ ብዬ ለቀቅኩላቸው አሉኝ።

ክቡር ሆይ፣ ከዚህ በላይ ብዙ ነገር በፈገግታ ጽፌልዎታለሁ። ይህን ግን በፈገግታ ልጽፈው አልቻልኩም። ማኅተምዎ አልነበረም መንገዱን ያስከፈተው። ስሜ ነበር። ያን ስም እዚያ ወረቀት ላይ ያሰፈሩት ደግሞ እርስዎ ነዎት።

ድንጋዩ እንዲነሣልኝ አመለከትኩ። ከቁፋሮ የወጣ ቁስ የመጨረሻው ሪፖርት እስኪጸድቅ የጥናቱ አካል ስለሆነ እሱን ማንሣት ራሱን የቻለ የቁፋሮ ፈቃድ እንደሚጠይቅ መለሱልኝ። ሪፖርቱ መቼ ይጸድቃል ብዬ ጠየቅኩ፤ ዮፍታሔ ሲጽፈው አሉኝ። ዮፍታሔን ጠየቅኩት፤ ክረምቱ ሳይገባ ወደ አዲስ አበባ እየተመለሰ ስለነበረ ችኮላ ላይ ነበር። ጉድጓዱን ክፍቱን ትቶት፣ ሊበንንም ለክምርህ በሚቀጥለው ዓመት እመለሳለሁ ብሎት ሄደ። የዕድገት ደብዳቤ እንደደረሰው ከዚያ በኋላ ሰማሁ፤ በዚያም ቀንቻለሁ፤ እንዳይቀርብኝ።

ስለዚህ እንደ ተቆጣጣሪነቴ ፈቃዱን ቁጭ ብዬ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ባለፈቃዱ ቁፋሮው ሲጠናቀቅ ጉድጓዱን ሞልቶ ቦታውን ወደነበረበት ሁኔታ እንደሚመልስ፣ ይህም በተቆጣጣሪው ፊርማ እንደሚረጋገጥ ይላል። ባለፈቃዱ የለም፤ ግዴታው ግን አለ። በሌላ በኩል አንድ የአርሲ ገበሬ ከመሬቱ ላይ ድንጋይ ለቅሞ ዳር ላይ ለመጣል ከማንም ፈቃድ ጠይቆ አያውቅም፤ እርስዎም እስካሁን ለዚህ ቅጽ አላወጡለትም። ይህን ለኦቦ ሁሴኖ ነገርኳቸው። እሳቸውም ለጎረቤቶቻቸው ነገሩ።

ባለፈው ቅዳሜ ደቦ ወጣ። ጋሪ ያለው ጋሪውን፣ አህያ ያለው አህያውን ይዞ መጣ። ሊበን የእኔ ክምር ተራው ሳይደርስ ቀረ እያለ እያጉረመረመ ከሁሉም በላይ ሠራ። ኢፍቱ፣ የዛሬዋ መምህርት፣ በተማሪነቷ የለቀመችውን ድንጋይ ዳግመኛ ለቀመች፤ እየሳቀች ይህ መንግሥት በአንድ ድንጋይ ሁለቴ ያሠራናል አለች። እኔም ለቅሜያለሁ፤ ጥፍሬ ውስጥ አፈር ገብቷል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጉድጓዱ ተሞልቶ፣ ክምሩ በመኪናው መንገድ ጎን እንደነበረው ተቆልሎ፣ ክቡም ከሥር ወጣ። ድንጋዮቹ በጠርዛቸው እንደተተከሉ አሉ። በመካከል ከቆሙት ከሁለቱ አንደኛው ግን ከወገቡ ተሰብሯል። ስባሪውን ማንም አላነሣውም፤ ከጎኑ ተኝቷል።

በተሰጠኝ ሥልጣን መሠረት ቦታው ወደነበረበት መመለሱን አረጋግጬ ፈርሜያለሁ፤ ቅጹ ስርዝ ድልዝ የለበትም። አስተያየት የሚለውንም ቦታ ባዶ ትቼዋለሁ፤ አስተያየቴ ይህ ነው።

ስለ ተደረገልኝ መስተንግዶ፣ ስለ ተሰጠኝ ሹመት፣ የሌላ ሰው ደስታ በቅርብ እንድመለከት ስለ ተመቻቸልኝ የፕላስቲክ ወንበር ከልብ አመሰግናለሁ። ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለማኅተምዎም የማይደርቅ ቀለም እየተመኘሁ፣ በደጅዎ ስትመላለስ የኖረች፣ በቅናቷ የማታፍር፣ በፊርማዋ ግን የምታፍር ትሑት ተቆጣጣሪዎ ነኝ፤

ተናኘወርቅ
የታሪክ መምህርት፣ አሰላ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በይደር የያዙልኝን ማመልከቻ በዚህ ደብዳቤ ስቤያለሁ፤ ኳሶቹም ወደ ክፍላቸው ተመልሰዋል። ከእንግዲህ ስለ ክቡ ማመልከት የሚፈልግ ሁሉ ወደ ኦቦ ሁሴኖ እንዲሄድ በትሕትና እጠቁማለሁ። እሳቸው ጋ ማመልከቻ በቃል ነው፤ መልስም ወዲያው ነው። እኔ ከደቦው ማግስት ሄጄ፣ አንድ ጥግ ብቻ፣ በጥንቃቄ፣ ልቆፍር ብዬ ለመንኳቸው። ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አይሆንም አሉኝ። ለዮፍታሔስ አልኳቸው፤ ለእሱም አይሆንም፣ ከአዲስ አበባ ለሚመጣም፣ ከውጭ ለሚመጣም፣ ለማንም አይሆንም አሉኝ። አልቅሻለሁ፤ አልዋሽዎትም። ነገር ግን ክቡር ሆይ፣ ለእኔም ለዮፍታሔም እኩል የተሰጠ መልስ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው፤ በዚያን ዕለት እራቴን በልቼ አደርኩ።